ወደ ኋላ የተመለሰው ልብ

«እንዲህ ያበጠ ልብ ወደ ኋላ አይመለስም።» ዶክተር ዓይናለም ይህችን ቃል ለተማሪዎቿ ስትደጋግም ኖራለች፤ ያውም እንደ ማጽናኛ ሳይሆን እንደ ተግሣጽ። መድኃኒት ያስታግሠዋል፣ ያቆየዋል እንጂ መልሶ የጎረምሳ ልብ አያደርገውም። አሁን ግን ደብረ ታቦር ባለው ቢሮዋ፣ ኮምፒውተሯ ላይ፣ አንድ ልብ ቁጭ ብሎ ያፈጥጥባታል። ተመልሷል።

የልቡ ባለቤት አያ ይሻው ይባላሉ፤ ከጉና ግርጌ ገብስና ድንች የሚያመርቱ ገበሬ። በገበሬው ግፊት፣ ስኳርና ልብ ላይ የያዘችው ጥናት ሲጀመር ደረታቸውን ያዳመጠችው ራሷ ነበረች። ጤነኛ ልብ ሁለት ድምፅ አለው፤ የእሳቸው ሦስት ነበረው፣ ዳገት እንደያዘ ፈረስ ኮቴ። ደም ግፊታቸው ጣራ የነካ፣ ስኳራቸውም ከግፊቱ የማያንስ። ዘንድሮ መረጃ ሰብሳቢ ወጣቶች ቀበሌው ድረስ ወጥተው ያመጡት ውጤት ግን ሌላ ነው፤ ግፊቱ ልክ፣ ስኳሩ ልክ፣ የልቡ ምስል ደግሞ ለመማሪያ መጽሐፍ የሚሆን። እሷም ይህን አይታ መድኃኒታቸው እንዲቆም ባለፈው ወር ፈርማለች። ፈርማ ስታበቃ ነው እንቅልፍ የነሣት።

«ማሽኑ አብዶ ይሆናል» አለ ሱልጣን። የላቦራቶሪ ባለሙያ ነው፤ ሾፌር ሲጠፋ መኪናውንም የሚነዳው እሱ ነው።

«ለሌላው ሁሉ ጨዋ ሆኖ ለአያ ይሻው ብቻ አበደ?»

«እንግዲያው ደም ተቀያይሮ ነዋ።»

«ደሙ በብልቃጥ መጣ እንበል። ልቡስ? ልብ በብልቃጥ አይመጣም ሱልጣን። በእግሩ ሄዶ፣ ልብሱን አውልቆ፣ ተጋድሞ ነው የታየው።»

«ወላሂ፣ እንግዲያው ሄደን ራሳቸውን እንያቸው» አለ ሱልጣን፣ የመኪናውን ቁልፍ እያነሣ።

ዓይናለም ወደዚህ ሙያ የገባችው በንዴት ነው። ተማሪ ሳለች አንድ መምህር ከረባቱን እያበጀ፣ «ግፊትና ስኳር የቦርጫም በሽታ ነው፤ ገበሬ ከየት አምጥቶ?» ብሎ ክፍሉን አሳቀው። እሷ አልሳቀችም። አባቷ ቦርጭ የሚባል ነገር በሕልሙም አልነበረው። እብናት ገበያ እህል ሲጭን ሲያወርድ የኖረ ሸንቃጣ ሰው፣ አንድ ቀን ወደ ቤቱ ሲመለስ ደረቱን ይዞ ተቀመጠና ሳይነሣ ቀረ። «ምች ነው» አሉ። ምች! መቼም ምች የማይሸከመው ኀጢአት የለም። ከዚያ ወዲህ የግፊት መለኪያዋን አንጠልጥላ ያልወጣችው ዳገት የለም። ቀጭኑም ገበሬ ስኳር እንደሚይዘው፣ ልቡ ድምፁን አጥፍቶ እንደሚያብጥ በማስረጃ አሳየች፤ ባለ ከረባቱም በኋላ ጊዜ የእሷን ጽሑፍ እየጠቀሰ አስተማረ። ማን እንደሚታመም አሳምራ ታውቃለች። የሚድን ግን አንድም አጋጥሟት አያውቅም።

በሚቀጥለው ሳምንት ባሕር ዳር ላይ ጥናቷን ታቀርባለች። ይህ ልብ እውነት ከሆነ፣ የዕድሜዋ ጥያቄ መልስ ጉና ሥር ተቀምጦ ይጠብቃታል ማለት ነው። እውነት ካልሆነ ደግሞ አንድ በሽተኛ በእሷ ፊርማ መድኃኒቱን ተነጥቋል።

መንገዱን ሙሉ ስትጠይቅ ሄደች፤ ሱልጣንን ሳይሆን ራሷን። ገብሱ ይሆን? ጾሙ? ጎረቤቶቻቸውም ያንኑ ገብስ ይበላሉ፣ ያንኑ ጾም ይጾማሉ። አየሩስ? አየሩንማ ሁሉም ነው የሚተነፍሰው። መኪናው የሚያልፍበት መንገድ ሲያልቅ ወርዳ፣ ከመንደሩ ምንጭ በእፍኟ ቀድታ ቀመሰች።

«ምን ምን ይላል?» አለ ሱልጣን።

«ውሃ ውሃ።»

ወሩ ኅዳር ነው፤ ገብሱ እየታጨደ ነው። የአያ ይሻው ባለቤት፣ እትዬ እቴነሽ፣ ከደጃቸው ሆነው ገብስ ያበጥራሉ። ሐኪሟን ሲያዩ ሰፌዱ ከእጃቸው ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

«ደኅና ነሽ ልጄ? ምን እግር ጣለሽ?»

«የአያ ይሻው ጤና ነው የጣለኝ እትዬ። ምን ቢበሉ ነው እንዲህ የተሻላቸው?»

«ያው… የተገኘውን።»

«ጨው ቀንሰው ነው?»

«ጨውስ መች ተረፈን።»

«ጠበል ሄደው ይሆን? ጣራ ገዳም?»

«አይ፣ ለመሄድስ አስበን ነበር…» እትዬ እቴነሽ ሰፌዱን አንዴ ቢያነሡት ገብሱ መሬት ለመሬት ፈሰሰ።

ዓይናለም ገብሱን አየች፤ ሴትዮዋን አየች። እንዲህ ያሉ ባለሙያ በከንቱ ገብስ አይደፉም። የሚደብቁት ነገር አለ። የተደበቀ ነገር ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ ቁጭ ብላ የምትታገሠው አይደለም።

«ታዲያ እሳቸው የት አሉ?»

እትዬ እቴነሽ መልስ ሳይሰጡ በፊት ከማሳው ላይ አንድ ሰው ማጭዱን ጥሎ እየገሠገሠ መጣ። አምሳ ዓመት የተጠጋው፣ ደረተ ሰፊ። ዳገቱን ሮጦ ወጥቶ ትንፋሹ ንቅንቅ አላለም። ደረሰና፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም፣ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ዘረጋ።

«በየትኛው ይሁን? ባለፈው በግራው ነው የወጉኝ።»

«አንተ ማን ነህ?»

ሰውየው ወደ እትዬ እቴነሽ ተመለከተ። እሳቸው ወደ ፈሰሰው ገብስ።

«ዛሬስ… ይሻው ነኝ» አለ።

ሱልጣን ሳቁን በሳል ሸፈነው።

«ሌላ ጊዜስ?»

«ሌላ ጊዜ ባዩ ነኝ። ጎረቤታቸው።» እጅጌውን ቀስ ብሎ መለሰ። «እንግዲህ ይቅር ይበሉን ዶክተር። ነገሩ ወንፈል ነው። እሳቸው ደኅና ሳሉ ስንት ጊዜ አርሰውልኛል። ዘንድሮ ከደጅ መውጣት ሲሳናቸው ማሳቸውን እኔ ያዝኩት። በዚህ መሀል የእርስዎ ልጆች መጥተው፣ ጤና ኬላው ድረስ በአካሉ ያልቀረበ ስሙ ከጥናቱ ይሰረዛል፣ መድኃኒቱም ይቋረጥበታል አሉ። የቀበሌው የእርከን ሥራ ቢሆን፣ የታመመ እንደሆነ ጎረቤቱ ይወጣለታል፤ ይቆጠርለታልም። ይህስ በምን ይለያል ብዬ፣ ካርዳቸውን ይዤ ወጣሁላቸው።»

«ልብህንም ይዘህ!»

«እሱንማ የት ላስቀምጠው ዶክተር?»

እትዬ እቴነሽ ከዚህ በላይ አልቻሉም። «መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ ብለን ብንልከው፣ በጤናው አስቋረጠብን! ስንት በሽተኛ ሞልቶ!»

ሌላ ቀን ቢሆን ዓይናለም መሬት ላይ ተቀምጣ ትስቅ ነበር። አሁን ግን ከደጅ መውጣት የተሳናቸው ሰው ከዚህ በር ጀርባ አሉ። በሩን ገፍታ ገባች።

አያ ይሻው መደቡ ላይ፣ ጀርባቸውን ለጎታው ሰጥተው ተቀምጠዋል። መጋደም ትተዋል፤ ሲጋደሙ ያፍናቸዋል። እግራቸው አብጦ፣ በጣቷ ብትጫነው ጉድጓዱ እዚያው ቀረ።

«ዓይናለም ነሽ?» አሉ፣ መሀል ላይ አንዴ ተንፍሰው። «ድነዋል አሉኝ እኮ።»

«ባዩ ነው የዳነው አያ። እርስዎን ገና ልናይዎት ነው።»

ማዳመጫዋን ከደረታቸው ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። እንዲያም ሆኖ አንዲት እልኸኛ ተስፋ «ምናልባትስ?» አለቻት። ከዚያ ሰማችው። ፈረሱ እዚያው ነው። ደክሞታል፣ ኮቴውን ይጎትታል፤ ዳገቱን ግን አልለቀቀም። ባሕር ዳር ይዛው ልትሄድ ያሰበችው ልብ ከደጅ ቆሞ ገለባ ከልብሱ ያራግፋል፤ የእሷ በሽተኛ ይኸው ነው። ከፍቷት እንደሆነ ራሷን ጠየቀች፤ መልሱን ለመስማት ጊዜ አልነበራትም። ውሃውን የሚያስወጣውን መርፌ ወጋቻቸውና ወደ ውጭ ተጣራች።

«ባዩ! ቃሬዛ አለ?»

«አለ።»

«እንግዲያው የቀረውን ወንፈልህን አሁን ትከፍላለህ። እስከ መኪናው።»

«እኔስ ሆስፒታሉንም ልተኛላቸው ብዬ ነበር» አለ ባዩ፣ ሳይስቅ።

«አፍህን!» አሉ እትዬ እቴነሽ።

በቃሬዛ አውርደው አያ ይሻውን ከሱልጣን ጎን፣ ወንበሩን በትራስ አስደግፈው አስቀመጧቸው። ሦስቱ ከኋላ ገቡ። ጉና ከኋላቸው እየራቀ ሲሄድ መርፌው ሥራውን ጀምሮ፣ አያ ይሻው ሁለት ጊዜ ለሽንት መኪና አስቆሙ፤ ሁለት ጊዜም ዓይናለም ደስ አላት። ትንፋሻቸው እየረዘመ ሲመጣ ጊዜ፣ ታፍኖ የቆየው ጥያቄ ብቅ አለባት።

«ስማ ባዩ። አንተስ በጥናቱ ውስጥ አለህ?»

«አለሁ እንጂ።»

«ያን ቀን አንተ አያ ይሻውን ሆነህ ስትቀርብ፣ ባዩን ማን ሆነ?»

ባዩ ወደ መስኮቱ ዞረ። «እንግዲህ… ሙሉ ነዋ። ታናሽ ወንድሜ።»

ሱልጣን ፍሬኑን ሳያስበው ነካው። ዳገት ሁሉ፣ መንደር ሁሉ፣ የተቀዳ ደም ሁሉ በዓይናለም ፊት ዞረ። ስንቱ ነው በራሱ ስም የመጣው? ስንቱስ በጎረቤቱ? ድንጋጤው ገና ሳይለቃት ግን ሌላ ነገር ተከተለው፤ ጧት ምንጩ ላይ ያጎነበሳት ያው የማወቅ ጉጉት። ሰው ልቡ ሲደክም ማንን ይልካል? ከሁሉ ጤነኛውን? የቅርብ ዘመዱን? ወይስ ከሁሉ በላይ የሠራለትን?

«ባዩ፣ አፍህን ያዝ» አሉ አያ ይሻው ከፊት። «አገር ልታስወቅስ ነው።»

«እርስዎ ትንፋሽዎን ይቆጥቡ አያ። የእሱን አፍ ለእኔ ይተዉልኝ።» ዓይናለም ፊቷን ወደ ባዩ መልሳ ተቀመጠች። «በል ቀጥል። ሙሉንስ ማን ሆነ?»