ሱዌዝ የተዘጋበት ደብተር

ጋሽ ዕዝራ በቀብሩ ላይ ያነበቡትን ጽሑፍ ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው መነጽራቸውን ለሦስተኛ ጊዜ ጠረጉ። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የሟች ልጅ የወይንሐረግ ሳሎን በለቀስተኛ ተሞልቷል። ከአናንዴል የመጡት ሴቶች ኪችን ውስጥ ትሪ እየገለጡ ይንሾካሾካሉ። ዛሬ ሠልስት ነው።

"እኔ እንዳገኘሁት ነው ያነበብኩት" አሉ ጋሽ ዕዝራ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ለአርባው ፕሪንት ከመደረጉ በፊት ግን አንድ ነገር በይኝ።"

ጥፋቱ የእሷ ነው። ጋሽ ዕዝራ የእድሩ ጸሐፊ ናቸው፤ ሰው ሲሞት የሕይወት ታሪኩን የሚያዘጋጁትም እሳቸው ናቸው። "የተጻፈ ነገር አለ ወይ?" ብለው ሲደውሉላት፣ ከአባቷ ራስጌ ያገኘችውን "የቤተሰባችን ታሪክ" የሚል ደብተር ሳትገልጠው ሰጠቻቸው። እንዲህ ሆኖ ነው እንግዲህ ያ ሁሉ ሰው በተሰበሰበበት፣ አስከሬን ፊት፣ በ1928 ዓ.ም. ሃሎዌል የሚባል የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የሱዌዝን ቦይ ለጣሊያን መርከቦች እንደዘጋ፣ የመርዝ ጋዙ መንገድ ላይ እንደቀረ፣ የሟች አባት አቶ ክፍሌም ከዘመቻ በሰላም ተመልሰው ልጃቸውን እንደሳሙ የተነበበው። የተማሩት ሽማግሌዎች እርስ በርስ ተያዩ። እንግሊዝ ሃሎዌል የሚባል ጠቅላይ ሚኒስትር ኖሯት አያውቅም፤ ቦዩም አልተዘጋም። አቶ ክፍሌ ደግሞ፣ ቤተሰቡ እንደሚያውቀው፣ ማይጨው ላይ ቀርተዋል። ከኋላ አንድ ሰው ሲስቅ የወይንሐረግ ሰምታለች። ያ ሳቅ ሦስት ቀን ሙሉ ከጆሮዋ አልወጣም።

አባቷ አቶ ሀብተማርያም አገር ቤት የታሪክ አስተማሪ ነበሩ። "በታሪክ ውስጥ 'ቢሆን ኖሮ' የሚባል ነገር የለም" እያሉ ስንቱን ተማሪ ሲገሥጹ ኖሩ። ከዚያ አሜሪካ መጥተው አሌክሳንድሪያ ገብተው ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ትኬት ሲቆርጡ፣ መኪና ጋብ ባለ ቁጥር የሚጽፉት ያንኑ "ቢሆን ኖሮ" ነበር። ሃሎዌልን ራሳቸው ፈጠሩት፣ ስም አወጡለት፣ ምርጫ አሸነፉለት።

አምና ሐኪም ቤት ልትወስዳቸው ብትመጣ፣ ሃሎዌል በፓርላማ ያደረገውን ንግግር ካላነበብኩልሽ ብለው ቀጠሮው አለፈባቸው።

"አባባ፣ ያልሆነ ነገር መጻፍ ምን ያደርግልዎታል?" አለቻቸው ተቆጥታ።

ሳቁ። ሲስቁ እንደ ልማዳቸው አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። አንድም ጥርስ ያልጎደላቸው ሰው ምን እንደሚያሳፍራቸው ገብቷት አያውቅም። "የሆነውንማ ሌሎች ጽፈውታል" አሉና ደብተሩን ዘጉት። ከዚያ ወዲህ አላነበቡላትም። እሷም አንብቡልኝ አላለችም። አሁን የሚያንገበግባት ይኸው ነው።

"አውጡት ጋሽ ዕዝራ፤ ሁሉንም ሰርዙት" አለች። "አባቴ መሣቂያ ሆነው አይቅሩ።"

"ቆይ" የሚል ድምፅ ከሶፋው ጥግ መጣ። የሟች ታላቅ እህት እትዬ ዘርትሁን ናቸው። ዘጠና ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ጆሯቸው ከብዷል ተብሎ ሰው ሁሉ አጠገባቸው እንደልቡ ሲያወራ ነበር የዋለው። ደብተሩ ይምጣና አባታቸው ከዘመቻ ተመልሰው ቤት የገቡበት ገጽ ይነበብላቸው አሉ።

የወይንሐረግ ገለጠች። "አባቴ በሩን ገፍተው ገቡ። ፊታቸው" ይላል። ከዚያ በታች ግማሽ ገጽ ባዶ ነው። በእርሳስ እየተጻፈ በላጲስ ከመፋቁ ብዛት ወረቀቱ ሳስቷል።

"የአባታችን ፊት ምን ይመስል እንደነበር ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ" አሉ እትዬ ዘርትሁን። "አላስታውስም አልኩት። ዋሸሁት።"

አቶ ክፍሌ ለካ ማይጨው ላይ አልቀሩም። በቃሬዛ እስከ ቤታቸው ፍቼ ድረስ መጥተው አራት ቀን ኖረዋል። መርዙ ፊታቸውን በልቶት ስለነበር ሚስታቸው በነጠላ ሸፈኗቸው። የስድስት ዓመቷ ዘርትሁን ግን የነጠላውን ጫፍ ገለጥ አድርጋ አየች። እናቷም፣ ጡት ለሚጠባው ሕፃን ወንድሟ መቼም እንዳትነግረው በመድኃኔዓለም አስማለቻት።

"ወንድሜ የአባቱን ፊት ሲለምነኝ ያንን ልስጠው?" አሉ። "አሁን እሱም ሄደ። ከማን ልደብቀው?"

የወይንሐረግ ተነሥታ እግራቸው ሥር ቁጭ አለች።

"ከዚያ በፊትስ፣ እትዬ? ሳይዘምቱ በፊት ምን ይመስሉ ነበር?"

"የፊት ጥርሳቸውን በቅሎ ረግጣ ሰብራባቸው ነበር። ሲስቁ በመዳፋቸው ይሸፍኑታል። ሀብቴ በሳቀ ቁጥር ፊቴን የማዞረው ለምን ይመስልሻል?"

የወይንሐረግ ለጋሽ ዕዝራ፣ ለአርባው እውነቱ ይታተም፣ በቃሬዛ መመለሳቸውም ይጻፍ፣ ደብተሩ ግን እኔው ዘንድ ይቅር አለቻቸው። ብዕራቸውንም ተዋሰች። "ፊታቸው" ከሚለው ቀጥላ "በሳቅ በራ፤ አፋቸውንም በመዳፋቸው ሸፈኑ" ብላ ጻፈች።

ጽፋ ስትጨርስ፣ ለቀስተኛ ስታስተናግድ ሦስት ቀን አፍና የያዘችው ልቅሶ ገነፈለባት። መዳፏን አፏ ላይ አደረገች። እትዬ ዘርትሁን አዩዋት፤ ፊታቸውን ግን አላዞሩም።