አንገት ደፍቶ መጠበቅ

ማንበብ የሚማሩት ጎልማሶች አንድ ደንብ ነበራቸው። አንዱ ተነስቶ ሲያነብ ቃል ላይ ከተያዘ ማንም አያቀብለውም። ማንም አይስቅም፣ ማንም አያጉረመርምም። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ የየራሱን መጽሐፍ ያያል፤ የተያዘው ሰው ቃሉን ራሱ ፈልጎ እስኪያገኝ ክፍሉ ጸጥ ይላል።

ደንቡን ያወጣችው አስተማሪያቸው ናት። ሥነ ልቦና የተማረች፣ ስለ አእምሮ ማውራት ስትጀምር ምሳዋን የምትረሳ ወጣት ናት። የመጀመሪያው ቀን ከላስቲክ የተሠራ የአእምሮ ቅርጽ ይዛ መጥታ ከእጅ ወደ እጅ አዞረችላቸው። ሰው ሲፈራ ወይም ሲያፍር እዚህ ውስጥ ደወል ይደወላል አለቻቸው፤ ደወሉ ሲጮህ የሚያስበው ክፍል ሥራውን ጥሎ ይሸሻል፣ ትናንት ያወቁት ፊደል እንኳ ዛሬ ይጠፋል። ደግሞም አለቻቸው፣ ቃሉን ራስዎ ፈልገው ካገኙት መንገዱ ውስጥዎ ይቀራል፤ ሌላ ሰው ካቀበለዎት ግን መንገዱን የሄደው እሱ ነው፣ እርስዎ የቆሙት እዚያው ነው።

"ስለዚህ" አለች፣ "እዚህ ክፍል የማንንም ደወል አንደውልም። አንገታችንን ደፍተን እንጠብቃለን።"

ላስቲኩ ሬዲዮ የሚሏት ሴት እጅ ሲደርስ በመዳፏ መዘነችው። ሬዲዮ የተባለችው ከጠዋት እስከ ማታ ስለማትዘጋ ነው። "ይኼን ያህል ብቻ ነው እንዴ?" አለች። "አለቃችን ሲቆጣ ሳየው፣ ጭንቅላቱ ውስጥ አንድ ጋሪ ሙሉ አእምሮ የጫነ መስሎኝ ነበር።" ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

ከሬዲዮ ጎን የተቀመጠችው ሴት ግን አልሳቀችም። ስለ ደወሉ ነበር የምታስበው።

ሁለቱ የሚሠሩት አንድ ትልቅ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ በእንፋሎት መሐል ቆመው አንሶላ ይተኩሳሉ፣ ያጥፋሉ። አንሶላ ለማጠፍ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ ጫፍና ጫፉን ይዘው ይወጥሩታል፣ ያራግፉታል፣ ከዚያ እየተራመዱ መጥተው መሐል ላይ ይገናኛሉ። አንዷ የሌላዋን እጅ ሳታይ ማወቅ አለባት። ሁለቱ ለዓመታት እንዲህ ሲገናኙ ስለኖሩ ሬዲዮ የጓደኛዋን ጠባይ ጠንቅቃ ታውቃለች። ጠባይዋ የሰው ንግግር መጨረስ ነበር። አንድ ሰው "ትናንት ራሴን..." ካለ "አሞህ ነው፣ ውኃ አልጠጣህም፣ እኔ ድሮም ብያለሁ" ትላለች። ሰውየው ራሴን ተላጨሁ ሊል ይሆናል።

"አንቺ እኮ" ትላት ነበር ሬዲዮ፣ "የሰውን ወሬ ሳይደርቅ ታጥፊዋለሽ።"

ክፋት አልነበረም። ፍርሃት ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ ዝም ያለ ሰው ስታይ ዝምታው ውስጥ የሚመጣው ክፉ ነገር ስለሚመስላት ቀድማ በወሬ ትሞላዋለች። ባሏ በሕይወት ሳለ ይሄ ብዙም አልጎዳትም። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፣ ሳቂታ ሰው፤ ሲስቅ ድምፁ ከደረቱ ተነስቶ ጎረቤት ይደርስ ነበር። ስትቀድመው ይስቅባታል፣ እሷም ትስቃለች። ባለፈው ዓመት ታሞ ከሞተ በኋላ ግን ቤቱ ውስጥ የቀሩት እሷና አንዲት ልጇ ናቸው። ልጇ ደግሞ ዝም አለች።

መጀመሪያ ሐዘን ነው ተባለ። ቆይቶ ኮሌጅ መሄድ ተወች። ቆይቶ መጋረጃ መክፈት ተወች። እናት ፈራች፣ በፈራች ቁጥር አፏ በዛ። ብዪ፣ ተነሺ፣ ፊትሽን ታጠቢ፣ ጓደኛሽ ጠየቀችሽ፣ እንዲህ ሆነሽ አባትሽ ቢያይሽ ምን ይላል። ልጅቷ አንዳንዴ ከትራሱ ቀና ብላ "እማ፣ እኔ..." ትልና እናት ተሽቀዳድማ ትጨርስላታለች። ርቦሽ ነው፣ ደክሞሽ ነው፣ ታውቂያለሽ እኔም ይሰማኛል። ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው ትመልሳለች። አንድ ቀን ብቻ፣ ሳትቆጣ፣ ድካም በሰበረው ድምፅ "ቃሌን ከአፌ አትንጠቂኝ" አለቻት።

እናት ያን ቀን ማዕድ ቤት ገብታ አለቀሰች። ማንበብ ልማር ብላ የተመዘገበችውም በዚያው ሰሞን ነው። ልጄ የምታነበውን ባነብ የሆዷን አውቅ ይሆናል ብላ ነበር። የላስቲኩን አእምሮ በእጇ ስትይዝ ግን ሌላ ነገር ገባት። ቤቷ ውስጥ ሌት ተቀን የሚጮኸው ደወል የራሷ ድምፅ ነው።

ደንቡን ወደ ቤቷ ወሰደችው።

ቀላል አልነበረም። ምላሷን እየነከሰች፣ አስተማሪዋ እንዳለችው ትንፋሿን ቀስ ብላ እያወጣች ዝም ማለት ተለማመደች። አንድ ጠዋት ልጅቷ ሻይ ፊቷ ተቀምጦ "አባዬ..." አለችና ቆመች። እናት ቃል ጉሮሮዋ ላይ ደረሰ። ዋጠችው። ልክ ክፍል ውስጥ እንዳለች አንገቷን ደፍታ የራሷን ኩባያ አየች። ሻዩ ላይ ያለው እንፋሎት እስኪጠፋ ጠበቀች።

"አባዬ የሚስቅበት ድምፅ ጠፋብኝ" አለች ልጅቷ በመጨረሻ። "ፊቱ ይታየኛል። ድምፁ ግን የለም።"

አትረሺውም ልትላት ነበር። ዝም አለች። ልጅቷም አባቷ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ሲወጣላት ዳቦውን ቆርሳ በላች፣ ተነስታም መጋረጃውን ከፈተች።

እናት ይህን ክፍል ውስጥ ስትናገር ሰዎቹ አጨበጨቡላት፣ አስተማሪዋ ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዙራ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝምታ ለእናት መድኃኒት ሆነ። ልጅቷ ቃል በቃል፣ ቀን በቀን ተመለሰችላት። ከአልጋ ወረደች። አጥበው ያሰጡትን አንሶላ አብራት ታጥፍ ጀመር። የዚያኛውን ጫፍ ድሮ የሚይዘው ባሏ ነበር፤ አሁን ልጅቷ ያዘችው። ሲወጥሩት፣ ሲያራግፉት፣ መሐል ላይ ሲገናኙ እናት በልቧ ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ ትል ነበር።

የልጅቷ አባት እኅት ሌላ ከተማ ነው የምትኖረው፤ መድኃኒት ቤት አላት። በየጊዜው ትደውላለች። አንድ ቅዳሜ፣ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ፣ እናትና ልጅ አንሶላ ወጥረው እንደቆሙ ልጅቷ እጇን አቆመች።

"አክስቴ እኔ ጋ ነይ፣ እዚህ ሥሪ አለችኝ" አለች። "እኔ ግን..."

እናት አንሶላውን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። አትሂጂ የሚለው ቃል አፏ ውስጥ ሞላ። ቤቱን ባዶ አታድርጊብኝ፤ ያላንቺ ማን አለኝ። ይህን ሁሉ እንደ ትኩስ ነገር በምላሷ ይዛው ቆመች። አሁን ነው መጠበቅ ያለብኝ አለች ለራሷ፤ አሁን ብነጥቃት ሁሉም ይበላሻል፣ ተመልሳ ወደ ግድግዳው ትዞራለች። አንገቷን ደፋች። ዓይኗን አንሶላው ላይ ተከለች። ትንፋሿን ቀስ ብላ አወጣች። እስከዛሬ እንዲህ አሳምራ ጠብቃ አታውቅም።

ልጅቷም ቆማ ነበር።

ውጭ የሆነ ሰው የጎረቤት በር አንኳኳ፣ ተከፈተለት፣ ገባ። አንሶላው መሐላቸው ተወጥሯል።

"እሺ" አለች ልጅቷ በለሆሳስ፤ ለማን እሺ እንዳለች አልታወቀም። ከዚያ እየተራመደች መጥታ ጫፉን እናቷ እጅ ላይ አስቀመጠች።

በሳምንቱ ወደ አክስቷ ሄደች። አውቶቡስ መናኸሪያው ላይ እናት አሁንም ጠበቀች፤ ልጄ የጀመረችውን ትጨርሳለች ብላ። ልጅቷ አቀፈቻት፣ ትከሻዋ ላይ ትንሽ ቆየች፣ "ደህና ሁኚ፣ እማ" ብላ አውቶቡሱ ላይ ወጣች። የመስኮቱ መስታወት ጭጋግ ነበረበት፤ ፊቷ በደንብ አልታየም።

ማጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ሬዲዮ አንሶላውን ይዛ ትመጣለች፣ ጓደኛዋ ግን ባለችበት ቆማ ትቀራለች። ሬዲዮ መጀመሪያ ቀለደች፤ አንሶላው ሙሽራ አይደለም፣ አጅቤ እስከ ቦታሽ አላደርስልሽም አለቻት። በኋላ ቀልዱን ተወች። ሬዲዮ ዝም ስትል ደግሞ ክፍሉ ሁሉ ይደነግጣል።

በንባቡ ክፍል የእናት ተራ ደረሰ። ተነሳች። ምንባቡ ቀላል ነበር፣ ገበያ ሄደው ስለሚመለሱ እናትና ልጅ። ፊደሎቹን ሁሉ ታውቃቸዋለች። "ልጅቱ እናቷን ጠራቻት" የሚለው ላይ ስትደርስ ቆመች። ክፍሉ በደንቡ መሠረት ጸጥ አለ። ቀና ብላ ዙሪያዋን አየች። የሰው ሁሉ አናት ብቻ ነበር የሚታየው። ሻሽ፣ ሽበት፣ ራሰ በራ። እንድትናገር የሚጠብቃት ሰው ሞልቶ የሚያያት አንድም ዓይን አልነበረም። ያኔ ልጇ ከአንሶላው ማዶ ቆማ ምን እንዳየች ገባት። መጽሐፉን ዘግታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ለአስተማሪዋ ሁሉንም ነገረቻት። አስተማሪዋ ሳታቋርጥ ሰማቻት፣ ዓይን ዓይኗን እያየች። ስትጨርስ ለራሷ አልተከራከረችም።

"አንገት መድፋቱ ለክፍሉ ነው ያልኩት" አለች። "ያ ሁሉ ሰው አፍጥጦ እንዳያሳፍራችሁ ብዬ። ቤት ውስጥ ግን ሰው የሚረጋጋው ፊት አይቶ ነው። የሚወደው ፊት ሲዞርበት ያው ደወል ይደወላል። ይኼን ልነግራችሁ ይገባኝ ነበር፤ አልነገርኳችሁም። ይቅርታ፣ እናቴ።"

እናት ይቅርታውን ምን እንደምታደርገው አላወቀችም። የአስተማሪዋን እጅ ይዛ ትንሽ ቆየች። ጥሩ አስተማሪ ናት። ጥፋት ያለበት ሰው ፈልጋ ልታገኝ አልቻለችም፤ ይህም ራሱ ከበዳት።

እሑድ ከሰዓት ለልጇ ደወለች። ሬዲዮ ናት "በቃ ደውይላት፣ አለበለዚያ እኔ እደውልና ለሁለት ቀን አልዘጋም" ያለቻት። ልጅቷ ቶሎ አነሳች። ከጀርባዋ የሰው ድምፅ ይሰማል፣ የመድኃኒት ቤቱ መሳቢያ ሲከፈትና ሲዘጋ።

"ያን ቀን" አለች እናት፣ "አንሶላውን ይዘን... አትሂጂ ልልሽ ነበር።"

የመሳቢያው ድምፅ ራቀ፤ ልጅቷ ወደ ሌላ ክፍል የገባች መሰለ።

"አንገትሽን ደፋሽ እኮ፣ እማ።"

"ልጠብቅሽ ብዬ ነው። ክፍል ውስጥ እንደዚያ ነው የምናደርገው፤ ሰው ሲያዝ እንዳያፍር አናየውም።"

"እኔ ተይዤ አልነበረም። አንቺን ነበር የምጠብቀው። ሳይሽ ፊትሽ የለም። አደከምኳት አልኩ። በሰላም ብሄድላት ነው የምትፈልገው አልኩ።"

እናት ግድግዳውን ተደገፈች። የምትለው ሁሉ ተሰልፎ መጣ። እንደ ድሮዋ ብትሆን ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ታወርደው ነበር። አንዱን ብቻ መረጠች።

"አሁን ነይ ልበልሽ?"

እናት ጠበቀች፤ ማንም ባያያት እንኳ አንገቷን አልደፋችም። ልጅቷ ትቆምበት የነበረውን ቦታ፣ የመስኮቱን ሥር፣ ቀና ብላ እያየች ጠበቀች።

"አትበይኝ" አለች ልጅቷ። "ካልሽኝ እመጣለሁ፣ እማ። እዚህ ጠዋት እነሳለሁ። ሳልቀሰቀስ እነሳለሁ። እዚያ ከመጣሁ ያ አልጋ አለ፣ ያ ግድግዳ አለ። አሁን አትበይኝ።"

እናት አፏን በመዳፏ ያዘች። ነይ የሚለው ቃል እዚያው ነበር፣ የተዘጋጀ፣ ሙሉ፤ ማንም ያላቀበላት፣ ራሷ ፈልጋ ያገኘችው። ዋጠችው። ያን ቅዳሜ የዋጠችው በስሕተት ነበር፤ የዛሬውን እያወቀች ዋጠችው፣ ሲወርድም የትኛው የበለጠ እንደሚያም አወቀች።

"ምሳ በላሽ?" አለቻት።

ልጅቷ ሳቀች። ከደረቷ ተነስቶ ቤቱን የሚሞላ ሳቅ። እናት ቀጥ ብላ ቀረች። የባሏ ሳቅ ነበር፣ አንድም ሳይጎድል። ልጇ ጠፋብኝ ያለችው ድምፅ በገዛ አፏ ውስጥ ኖሯል።

ልትነግራት አፏን ስትከፍት ከወዲያ ሰው ጠራ። ደንበኛ መጥቶ ነው፣ እደውልልሻለሁ አለችና ልጅቷ ዘጋችው።

ገመዱ ላይ የተሰጣው አንሶላ ደርቆ ነበር። እናት አወረደችው። አንዱን ጫፍ በአገጯ ያዘች፣ በሁለት እጇ የቻለችውን ያህል ወጠረችው። ያኛው ጫፍ ወለሉ ላይ ተጎተተ። አነሳችው፣ አራገፈችው፣ እንደገና በአገጯ ያዘችው።