ከመርከቡ ላይ የታየው ኮረብታ

ፊሎሜና የሽርሽር መርከቦችን ዕድሜዋን ሙሉ ያየችው ከበረንዳዋ ሆና ነው። ቤቷ በግሬናዳ ደሴት፣ ከሴንት ጆርጅስ ወደብ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ስለነበር፣ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ባለው የቱሪስት ወቅት ጠዋት መስኮቷን ስትከፍት አንድ ሰፈር የሚያህል ነጭ ነገር ከከተማው ፊት ተገትሮ ታገኘዋለች። ስፌት መኪናዋን በረንዳ ላይ አውጥታ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች፣ ሰዎቹ ጠዋት ከመርከቡ ሲፈስሱ፣ አመሻሽ ላይ ፀሐይ አቅልታቸው ሲመለሱ ታያለች። ልሳፈር ብላ ግን ተመኝታ አታውቅም። መርከቦቹ ለእሷ እንደ ዝናብ ነበሩ፤ ወቅታቸውን ጠብቀው ይመጣሉ፣ ወቅታቸውን ጠብቀው ይሄዳሉ።

ስለዚህ ታላቅ እህቷ ክሎዴት ከለንደን ደውላ፣ ለልደትሽ ደሴቶቹን በመርከብ እየዞርን አብረን እናያለን ስትላት መጀመሪያ የመሰላት ቀልድ ነው። ክሎዴት በወጣትነቷ ነርስ ልትሆን እንግሊዝ ሄዳ እዚያው አግብታ፣ እዚያው ጡረታ ወጥታ፣ እዚያው ባሏን ቀብራ የቀረች ሴት ናት። በየጥቂት ዓመቱ ሻንጣዋን አጨናንቃ ትመጣለች፣ ሁለት ሳምንት ተቀምጣ ትመለሳለች። እሁድ እሁድ ግን ስልኳ ቀርቶ አያውቅም። ፊሎሜና ደግሞ አላገባችም፣ አልወለደችም። እናታቸውን እስከ መጨረሻዋ አስታመመች፣ እናታቸው ከሞተች በኋላም በዚያው ቤት እየሰፋች ኖረች። ቤቱን ያደሰችው ክሎዴት ስለነበረች መሬቱ በክሎዴት ስም ነው። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ፤ ሁለቱም አንስተውት አያውቁም።

ፊሎሜና ስታመነታ ክሎዴት አጥብቃ ያዘቻት። እኔም አርጅቻለሁ፣ አንቺም አርጅተሻል፣ አንድ ጊዜ እንኳ እንደ ሰው አብረን አንዝናናም ወይ አለቻት። ፊሎሜናም የያዘችውን የዩኒፎርም ሥራ አስረክባ፣ የቤቱን ቁልፍ ለጎረቤቷ ለኖርበርት ሰጥታ፣ ዶሮዎቿንም አደራ ብላው፣ መርከቡ ወደሚነሣበት ወደ ባርቤዶስ በትንሿ አውሮፕላን በረረች። ክሎዴት ብሪጅታውን ወደብ ላይ ሁለት አንድ ዓይነት ባርኔጣ ይዛ ትጠብቃት ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ፊሎሜና እንደ ልጅ ሆና ነው ያሳለፈቻቸው። ኮሪደሩ ሁሉ አንድ ዓይነት በር ስለሆነ በየቀኑ ትጠፋለች፤ አንድ ጊዜ የሰው ክፍል ከፍታ ልትገባ ስትታገል ከውስጥ አንድ ጀርመናዊ በፎጣ ብቻ ወጥቶ ሁለቱም ደንግጠው ተያዩ። ከምግቡ ብዛት የተነሣ ሳትበላ ጠረጴዛውን ዞራ ዞራ የምትመለስበት ጊዜ ነበር። ሴንት ሉሲያ ላይ ሲወርዱ የወደቡ ሴቶች የቅመም ሐብል አንገቷ ላይ ሊያጠልቁላት ሲሽቀዳደሙ፣ "እኔም እኮ የግሬናዳ ሰው ነኝ፣ ገውዝና ቅርንፉድ ከጓሮዬ ነው የምለቅመው" ብላ አሳቀቻቸው።

ከሁሉ የገረማት ግን የክሎዴት ደግነት ነበር። ክሎዴት ከልጅነቷ ጀምሮ አዛዥ ናት፤ በስልክ እንኳ ስታወራ መድኃኒትሽን ዋጪ፣ በሩን ቆልፊ ማለት ነው ሥራዋ። መርከቡ ላይ ግን ማንጎ እየላጠች ታቀርብላታለች፣ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ ታስርላታለች፣ በመስኮቱ በኩል ያለውን አልጋ ለቀቀችላት። አንቲጓ ላይ ቢጫ የዋና ልብስ ገዝታላት ባሕር ውስጥ አስገባቻት። ፊሎሜና የደሴት ልጅ ሆና ዋና አታውቅም፤ እናታቸው ውሃ ትፈራ ስለነበር አላስነካቻቸውም፣ ክሎዴት የተማረችው ለንደን ነው። አሁን በሁለት እጇ ከጀርባዋ ደግፋት "ዝም ብለሽ ተኚ፣ ይዤሻለሁ" አለቻት። ፊሎሜና ጆሮዋ ውሃ ውስጥ ገብቶ፣ ሰማዩን ብቻ እያየች ተንሳፈፈች። ያን ያህል ቀልሏት እንደማያውቅ ያን ቀን ለክሎዴት ነገረቻት። ክሎዴት ፊቷን አዙራ አሸዋውን ከእግሯ ታራግፍ ጀመር።

እራት የሚበሉት ራምኪሱን ከሚባሉ የትሪኒዳድ ባልና ሚስት ጋር ነበር። ባልየው ቀልደኛ ነው። አንድ ምሽት ሁለቱን እህትማማቾች አየት አየት አደረገና፣ "እኔና ሚስቴ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ እስካሁን ሦስቴ ተፋተናል፤ እናንተ ሳትናከሱ እዚህ መድረሳችሁ አንድ የደበቃችሁት ነገር ቢኖር ነው" አላቸው። ሁሉም ሳቁ። ክሎዴት ግን የሌላው ሳቅ ካበቃ በኋላም ትስቅ ነበር።

መርከቡ ሴንት ጆርጅስ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ምሳ ላይ ክሎዴት ሹካዋን አስቀምጣ "ፊሎ፣ አንድ የምነግርሽ ነገር አለ" አለቻት። ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። ፊሎሜና በሽታ ነው ብላ ደነገጠች፤ ካንሰር ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ በልቧ መጣ። መስማት አልፈለገችም። መጀመሪያ ምግብሽን ጨርሺ፣ በኋላ ትነግሪኛለሽ አለቻት። በኋላም ክሎዴት አላነሳችውም፣ ፊሎሜናም አልጠየቀችም።

ይልቅ ክሎዴት ለነገው ጠዋት ቀጠሮ እንደያዘችላት ነገረቻት። ከመርከቡ ታችኛው ፎቅ፣ መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ እግር የሚያሹ ሴቶች አሉ፤ ሁለታችንም እንታሻለን፣ የራሳችን ከተማ ስለሆነ ለመውረድ አንቸኩልም አለች። ፊሎሜና እሺ አለች። ሲነጋ ግን ሐሳቧን ለወጠች። ቤቴን ከባሕር ላይ ሳላየው ነው እንዴ እግሬን የማሳሸው ብላ፣ እህቷ ገላዋን ስትታጠብ ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ባርኔጣዋን ደፍታ ወደ ላይ ወጣች።

የመርከቡ ሰገነት ላይ ሰው ሞልቷል። ወይዘሮ ራምኪሱን ቦታ ያዘችላት። ከተማው ከነቀይ ጣሪያው ቀስ እያለ ሲቀርብ ፊሎሜና ደረቷ ሞቀ። ያ ምሽጉ ነው፣ ያ ገበያው ነው፣ ያ እኔ የተጠመቅኩበት ቤተ ክርስቲያን ነው እያለች አሳየቻት። ሴትዮዋ ያንቺስ ቤት የቱ ነው አለቻት። "ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ወደ ላይ ውጪ፤ አረንጓዴ ቆርቆሮ፣ አጠገቡ ትልቅ የማንጎ ዛፍ" አለችና ራሷም ፈለገች። አጣችው።

ከባሕር በኩል ሁሉም ነገር የተገላበጠ ስለሚመስል ኮረብታው ተሳስቶብኝ ነው አለች። እንደገና ከግንቡ ጀመረች። የኖርበርትን ሮዝ ቀለም የተቀባ ቤት አገኘችው። ከእሱ ቀጥሎ የእሷ መሆን አለበት። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ግን ቀይ አፈር ነበር፤ እንደ ተላጠ ቁስል የተገለጠ ቀይ አፈር፣ መሐሉ ላይም አንድ ቢጫ ዶዘር ቆሟል። ማንጎው የለም። መጀመሪያ ያሰበችው መሬት ተንዶ ነው ብላ ነው። ቀጥሎ እሳት ነው አለች። ከዚያ የሆነ ሰው ከኋላዋ እንደቆመ ተሰማትና ዞረች። ክሎዴት ናት፤ ፀጉሯ እንደረጠበ፣ አንድ እግሯ ጫማ የለውም።

"ክሎ፣ ቤቱ የለም" አለቻት ፊሎሜና።

"አውቃለሁ" አለች ክሎዴት።

ወይዘሮ ራምኪሱን ከመሐላቸው ቀስ ብላ ወጣች።

ፊሎሜና አልፋት ወደ ደረጃው ሄደች። መርከቡ እስኪታሰር ድረስ መውጫው በር ላይ ቆማ ጠበቀች፤ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ወረደች። ወደቡ ላይ አንድ ባለ ታክሲ ከነባርኔጣዋ አይቷት "እማማ፣ የከተማ ጉብኝት ላሳይሽ?" አላት። አልፋው ሄደች። ያን ዳገት ዕድሜዋን ሙሉ ዘንቢል ተሸክማ ስትወጣው እንዳልኖረች፣ ያን ቀን ሁለቴ ተቀምጣ አረፈች።

ኖርበርት ከደጁ ሆኖ ሲያያት ፈገግ ብሎ ነበር። ጡረታ የወጣ አናጢ ነው፣ ሰላሳ ዓመት ጎረቤቷ። ፈገግታው ግን ፊቷን ሲያይ ጠፋ። እቃሽ ሁሉ ደህና ነው እትዬ ፊሎ፣ ስፌት መኪናሽን እኔው ራሴ ነኝ ያወጣሁት፣ ሳሎኔ ውስጥ ብርድ ልብስ አልብሼዋለሁ አላት። ዶሮዎቹም እኔ ጋ ናቸው አለ። እየተርበተበተ ቀጠለ።

"ክሎዴት እኮ ፊሎ ተስማምታለች ብላ ነው የነገረችን። ሲፈርስ ማየት አልችልም ብለሽ በመርከብ ልትሄጂ እንደሆነ ነው የነገረችን። እኛማ እንዳናስከፋሽ ብለን ነው ስትሄጂ ያላነሳንብሽ።"

ፊሎሜና ይህን ሰምታ በደጁ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ በፊት የነበረው ድንጋጤ ነው። አሁን ግን ነገሩ ገባት። ማንጎው፣ የጫማው ማሰሪያ፣ የመስኮቱ አልጋ፣ ከሁሉ ደግሞ ያ ውሃ ላይ መንሳፈፍ፤ ሁሉም ዶዘሩ ሥራውን እስኪጨርስ ድረስ እሷን የማቆያ ነበር። የሰፈሩ ሰው በሙሉ አውቆ እጁን እያውለበለበ ሸኝቷታል።

ክሎዴት ከብዙ ጊዜ በኋላ እያነከሰች ደረሰች። ኖርበርት ወደ ቤቱ ገባ። ሁለቱ እህትማማቾች በቀዩ አፈር ዳር ቆሙ።

"ልነግርሽ ነበር። በየቀኑ ልነግርሽ ስል ነበር" አለች ክሎዴት።

"መቼ? ውሃው ላይ ይዘሽኝ ሳለ?"

ክሎዴት ጎንበስ ብላ የሚያማትን ጉልበቷን ያዘች። ለንደን ውስጥ በአንድ ክፍል ብቻዋን እንደምትኖር፣ ደረጃ መውጣት እንደማትችል፣ የሚንከባከባት ቦታ ካልገባች አንድ ቀን ወድቃ ማንም ሳያውቅ እንደምትሞት ነገረቻት። ከዚህ መሬት በቀር የሚሸጥ ነገር አልነበራትም። የገዛው ሰው ሆቴል ሊሠራበት ነው፣ ከዝናቡ ወቅት በፊት ካልተለቀቀልኝ እተወዋለሁ ብሏል። ለፊሎሜናም ግራንድ አንስ በሚባለው ሰፈር ሁለት ክፍል ቤት ተከራይታላታለች፤ ያለው ተከራይ የወሩ መጨረሻ ላይ ይወጣል።

"ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?" አለቻት ፊሎሜና።

"እምቢ ትይ ነበር።"

ፊሎሜና አሰበችበት። "አዎ፣ እምቢ እል ነበር" አለች። "እምቢ ማለቱ ግን የኔ ነበር። እሱን ነው የወሰድሽብኝ። እማማ የሞተችው እዚህ ነው፣ እዚህ ጋ፣ ይሄ ብረት የቆመበት ቦታ ላይ። አንቺ አልነበርሽም።"

"ይሄን ሁልጊዜ ታነሺብኛለሽ።"

"አንድም ቀን አንስቼብሽ አላውቅም።"

"ባታነሺውም ድምፅሽ ውስጥ አለ" አለች ክሎዴት። "በየእሁዱ እሰማዋለሁ።"

ኖርበርት ሚስቱ በኮኮናት ወተት የቀቀለችውን፣ የዳቦ ፍሬ የሚሉትን የዛፍ ፍሬ በሳህን ይዞ ወጣ፤ ማንም አልነካውም። እኔ ጋ እደሪ አላት ለፊሎሜና፤ ሚስቱም ለመነቻት። ነገር ግን የእነሱ የእንግዳ ክፍል መስኮት በቀጥታ ወደዚያ አፈር ነው የሚያየው። ሌሎች የምታውቃቸውን ቤቶች በሐሳቧ አንድ በአንድ ዞረች፤ እያንዳንዱ ቤት ውስጥ ቀድሞ የሚያውቅ ሰው አለ። የመርከቡ መነሻ ሲደርስ ጥሩንባው ከታች ጮኸ፤ ለዓመታት እየሰፋች የሰማችው ያው ድምፅ ነው። ፊሎሜና ተነሣችና ዳገቱን መውረድ ጀመረች። ያን ቀን በዓለም ላይ የእሷ ነው የሚባል አልጋ ያለው እዚያ መርከብ ላይ ብቻ ነበር። ክሎዴት ከኋላዋ ራቅ ብላ ተከተለቻት።

እስከ ባርቤዶስ ባለው መንገድ እንግዳ ሰዎች በአንድ ክፍል እንደሚያድሩት አደሩ፤ አንዷ ስትገባ ሌላዋ ትወጣለች። ፊሎሜና የመስኮቱን አልጋ መልሳ ለክሎዴት አነጠፈችላት። እራት ላይ ራምኪሱን ሊቀልድ አፉን ከፍቶ ሚስቱ በእግሯ ስትነካው ዝም አለ። ብሪጅታውን አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ክሎዴት ልታቅፋት እጇን ዘረጋች፤ ፊሎሜና የተዘረጋው እጅ ላይ ቢጫውን የዋና ልብስ አስቀመጠችላትና ወደ ትንሿ አውሮፕላን ሰልፍ ሄደች።

ሆቴሉ እስካሁን አልተሠራም። የገዛው ሰው መሬቱን በቆርቆሮ አጥሮት ሄደ፤ አጥሩ ውስጥ ሣር በቅሏል፣ የኖርበርት ፍየሎች በቀዳዳው እየገቡ ይግጡታል። ፊሎሜና በኪራይ ቤቷ ትሰፋለች። ቤቱ ጥሩ ቤት ነው፤ ውሃ አይቋረጥበትም፣ ለገበያም ይቀርባል። መስኮቱ የሚያየው የጎረቤትን ግድግዳ ነው።

ክሎዴት የተመኘችው ቦታ ገብታለች፤ ከዚያ ሆና እሁድ እሁድ ትደውላለች። ፊሎሜና ስልኩን ታነሣለች። ስለ ዝናቡ ትነግራታለች፣ ስለ ጉልበቷ ትጠይቃታለች። አትቆጣም፣ ድምፅዋንም ከፍ አታደርግም። ክሎዴት አንድ ሁለቴ "ፊሎ፣ በስሜ ጥሪኝ እንጂ" ብላ ለምናታለች። ፊሎሜና ግን በየእሁዱ ስልኩን የምታነሣው እንደ አንድ ደንበኛዋ በሟች ባሏ ስም፣ በአንቱታ እየጠራቻት ነው፤ "ደህና ዋሉ፣ ሚስስ ፍራንሲስ። እንዴት ሰነበቱ?"