የዳይሬክተሯ ጠንካራ ጎን

ወልደሥላሴ የዳይሬክተሯን ደካማ ጎን ንገር ቢባል ከጠዋት እስከ ማታ ቆሞ ይዘረዝራል። የቸገረው ጠንካራ ጎኗ ነው። አንዲት ጠንካራ ጎን፣ ለወጉ ያህል እንኳ የምትሆን፣ ያስፈልገው ነበር። ይህችን ጎን ፍለጋ ሳምንቱን ሙሉ ሲባዝን ከረመ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዋጫ ከተማ ወረድ ብሎ፣ ማርና ቡና ከሚወጣበት መንደር፣ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። ዘመኑ ደግሞ የግምገማ ዘመን ነው። የወረዳው ሹም ይገመገማል፣ የጤና ሠራተኛው ይገመገማል፣ የቀበሌው ሊቀመንበርም ራሱን ገምግሞ ራሱን ያመሰግናል። አሁን ተራው የዳይሬክተሯ የመምህርት አስካለማርያም ሆነ። ቅዳሜ ወላጆች ተሰብስበው ይገመግሟታል፤ ትቆይ ወይስ ትነሣ የሚለውም እዚያው እጅ በማውጣት ይለያል። የግምገማ ሕግ ቀልድ አያውቅም፤ የሰውን ጠንካራ ጎን ሳትጠቅስ ወደ ደካማው አትገባም። ዘለህ ከገባህ ሰብሳቢው "ይሄ ሂስ አይደለም፣ ጥላቻ ነው" ብሎ ያስቀምጥሃል፤ ድካምህም ከንቱ ይቀራል።

ወልደሥላሴ ደግሞ ትነሣ ከሚሉት ወገን ነው። እንዲያውም አፍ አለው ተብሎ ስለ ሁሉም እንዲናገር የተመረጠው እሱ ነው።

ምን አደረገችው? ልጁን አወረደችበት። አስካለማርያም ከጎጃም ተመድባ የመጣች ሴት ናት። መስከረም ላይ ትምህርት እንደተከፈተ ከግቢው ዋንዛ ሥር ወንበር አስወጥታ ተማሪውን አንድ በአንድ አስነበበች። የወልደሥላሴ ልጅ ዝማሬ አራተኛ ክፍል ናት። ቤት ውስጥ መጽሐፍ ይዛ ስትንበለበል አባቷ ደጅ ሆኖ እየሰማ ደረቱ ይነፋ ነበር። ዋንዛው ሥርም ተንበለበለች፤ ምን ያደርጋል፣ የተገለጠላት ገጽ ሌላ፣ እሷ የምትለው ሌላ። ለካስ ከጓደኞቿ አፍ የለቀመችውን በቃሏ ነበር የምትወርደው። ዳይሬክተሯ አልተቆጣችም፤ ብቻ ከማግስቱ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት በንባብ ሰዓት ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ጋር አስቀመጠቻት። እንደሷ ያሉ ሞልተው ነበር። በመዝገብ አራተኛ፣ በንባብ ሁለተኛ ሆኑ።

ከዚያ ወዲያ መንደሩ ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ "ልጆቻችንን አዋረደቻቸው" ይላል፤ ገሚሱ "እኛ ገና ዘንድሮ ትምህርት ቤት አገኘን" ይላል። እድር ላይ ይሄው ነው፣ ለቅሶ ቤት ይሄው ነው፣ ቡና ሲለቀም ይሄው ነው። አንድ የገበያ ቀን ጎረምሶች ወልደሥላሴን "ልጅዎ ወደ ኋላ ማደግ ጀመረች አሉ" ብለው ሲቀልዱበት ደሙ ፈላ። ሰው በተሰበሰበበት "ወይ እሷ ትነሣለች ወይ ዝማሬ ከዚያ ግቢ ትወጣለች፣ ሚካኤልን!" ብሎ ማለ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። መሐላው ወጣ። እንግዲህ ዳይሬክተሯ ከቆየች ዝማሬ ትምህርቷን ትታ ቤት መቅረቷ ነው። ልጅቷም ይህን ሰምታለች፤ አባቷ ሲገባ መጽሐፏን ከጀርባዋ ትሸሽጋለች።

ወልደሥላሴ ጠንካራ ጎን ፍለጋውን ከጎረቤቱ ከጋሽ ገብረሚካኤል ጀመረ። ክሱን የጠነሰሱት እሳቸው ናቸው፤ የልጅ ልጃቸው ከአምስተኛ ወደ ሦስተኛ ወርዶባቸዋል።

"ሰዓት ታከብራለች በል" አሉት። "ትንሽ ነገር ናት። ማንንም አትጎዳም።"

ደስ ብሎት ወጣ። ደጁ ሳይደርስ ግን ነገሩ ተበላሸበት። ሰዓት ታከብራለች ሲል ሰው ማንን ያስታውሳል? የቀድሞውን ዳይሬክተር ነዋ። ደግ ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማርና፤ ሠርግ አይቀርም፣ ለቅሶ አይቀርም፣ የሚቀረው ከትምህርት ቤት ብቻ ነበር። ልጁን ሁሉ በጅምላ ያሳልፍና እኩለ ቀን ሳይሆን ጠጅ ቤት ይሰየማል። አስካለማርያም ግን ያ የኛ አገር ዝናብ እየወረደ፣ መንገዱ ጭቃ ሆኖ፣ ቦቲዋን አጥልቃ ከመምህራኑ ሁሉ ቀድማ በሩ ላይ ናት። እንደ ደወል የተሰቀለውን የመኪና ቸርኬ የምትመታው ራሷ ናት። ይሄን ማንሣት ለባላጋራ ዱላ ማቀበል ነው። ተወው።

ወደ ሚስቱ ሄደ። ብርቄ ጓሮ ቆጮ ትቆርጣለች። እሷ ትቆይ ከሚሉት ወገን ስለሆነች፣ በዚህ ነገር ከተነጋገሩ ሰንብተዋል።

"እስቲ አንድ ጠንካራ ጎን አውሺኝ" አላት ዓይኗን ሳያይ።

"አይ አንተ! እኔስ ቅዳሜ ስነሣ የምለው ደካማ ጎን አጥቼ ጨንቆኛል። ያለ ደካማም አያናግሩም አሉ። ብንለዋወጥስ?"

"አትቀልጂ።"

"ማን ቀለደ? ለሴቶቹ ሽንት ቤት በር አስገጠመች በል። አምና ስድስተኛ ክፍል የነበሩት ልጃገረዶች ለምን ቤት እንደቀሩ ታውቃለህ? አታውቅም። በር ስላልነበረው ነው። ዘንድሮ ተመልሰዋል፤ ቆጥረህ እያቸው።"

"እኔ በሽማግሌ ፊት ስለ ሽንት ቤት በር ልናገር?"

"ልጆቹ ያለ በር ሲቸገሩ ሽማግሌው የት ነበር?" አለችና ወደ ቆጮዋ ዞረች።

ይሄም አልሆነለትም። ጥንካሬ ይፈልጋል፤ የሚያገኘው ሁሉ ግን ክሱን የሚያፈርስ ነው። እንዲያው ሰው በገዛ አፉ ሲታሰር እንዲህ ነው። ደግሞ ወልደሥላሴ ክፉ ሰው አይምሰላችሁ። ዝማሬን እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚያያት። ያቃጠለው ውርደቱ ነው፤ ምክንያቱም ዕድሜ ልኩን በዚህ ነገር ሲኩራራ የኖረ ሰው ነው። "የኔ ዘር ክፍል ደግሞ አያውቅም" ይላል ባገኘው ቦታ ሁሉ። "አብዮት አንድም ዓመት ሳይደግም ነው ስምንተኛ የደረሰው!" አብዮት የበኩር ልጁ ነው። ስምንተኛ ላይ ፈተናው ጣለውና አሁን ቦንጋ የቡና ጆንያ መኪና ላይ ይጭናል። አባቱ ይሄን ክፉ ዕድል ነው የሚለው። ፈተናው ከብዶ ነው፣ ፈታኙ ጠምዶት ነው፣ ምቀኛ ነው፤ ብቻ አብዮት ደግሞ አያውቅም።

ዓርብ አመሻሹ ላይ አብዮት ቤተሰብ ሊጠይቅ መጣ። ወልደሥላሴ ገና ውሃ ሳይጠጣ ያዘው።

"አንተ የተማርክ ነህ። ስለዚች ሴትዮ አንድ ጠንካራ ጎን ፈልግልኝ። የማይጎዳ ይሁን።"

አብዮት ጥቂት አሰበና "ዝማሬ፣ መጽሐፍሽን አምጪ" አለ።

ዝማሬ ወደ አባቷ አየች። ብርቄ "አምጪ፣ ማንም አይበላሽ" አለቻት። አብዮት መጽሐፉን ከወደ መጨረሻው፣ ገና ካልተማሩት ገልጦ ሰጣት። ልጅቷ ጣቷን ከቃሉ ሥር አድርጋ ጀመረች። ስለ ንብ የተጻፈ ነበር። አልተንበለበለችም። ትቆማለች፣ ትመለሳለች፣ ፊደሉን ታገጣጥማለች፣ ከንፈሯን ነክሳ ቃሉን ታወጣዋለች። አንድ አንቀጽ ለመጨረስ ብዙ ቆየች።

"አየህልኝ?" አለ ወልደሥላሴ። "ድሮ እንደ ውሃ ነበር የምትወርደው። ይቺ ሴት ልጄን ኮልታፋ አደረገችብኝ!"

"አሁን እኮ ነው ያነበበችው፣ አባዬ።"

"ድሮስ?"

"ድሮማ እንደኔ ነበረች።"

አብዮት መጽሐፉን ከእህቱ ተቀብሎ አገላበጠና መልሶ ሰጣት።

"እኔን ማንም አውርዶኝ አያውቅም" አለ። "በየዓመቱ አለፍክ ይሉኛል፣ አንተ ዶሮ ታርድልኛለህ። ስምንተኛ ላይ ስቀመጥ ጥያቄውን ማንበብ አቃተኝ። መልሱን በግምት አጠቆርኩት። አሁንም መኪናው የት እንደሚሄድ የተለጠፈውን የሚያነብልኝ ጓደኛዬ ነው።"

ወልደሥላሴ ወደ ልጁ ጠጋ አለ። "ለምን አልነገርከኝም ታዲያ?"

"አልደገመም እያልክ ለአገሩ ሁሉ ስታወራ ምን ብዬ ልንገርህ?"

ወልደሥላሴ እራት ሲቀርብ እጁን ሳይታጠብ ወደ ጓሮ ወጣ።

ቅዳሜ ስብሰባው በአምስተኛ ክፍል ተደረገ። ትልልቁ ሰው የልጆቹ ዴስክ ላይ ተጣብቆ፣ ጉልበቱ አገጩ ደርሶ ተቀምጧል። ሰብሳቢው አቶ ኢያሱ ከወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት የመጡ ናቸው። ዳይሬክተሯ ከፊት ለብቻዋ ወንበር ተሰጥቷት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋለች። ሁሉም እስኪጨርስ መመለስ አይፈቀድላትም፤ ሕጉ ነው።

"መድረኩ ክፍት ነው" አሉ አቶ ኢያሱ። "ኮሜንታችሁ ገንቢ ይሁን። መጀመሪያ ጠንካራ ጎን፣ ቀጥሎ ደካማ ጎን።"

ጋሽ ገብረሚካኤል ተነሡ። ሰዓት ማክበሯን በአንድ ትንፋሽ ብለው ጨረሱና ወደ ደካማው ገቡ። ልጅ ታወርዳለች፣ ሽማግሌ አታማክርም፣ ለቅሶ አትደርስም፣ ከወረዳው ያልመጣ አሠራር ከራሷ ታወጣለች። ከኋላ ያሉት "እውነት ነው" አሉ። ብርቄ ተነሣች። የሽንት ቤቱን በር በሽማግሌው ሁሉ ፊት ተናገረችው፤ ሴቶቹ አጉረመረሙ፣ አንዳንዱ ወንድ ወደ ጣሪያው አየ። ደካማ ጎን ስትባል "ቀጭን ናት፣ አትበላም" ብላ ተቀመጠች። ሰው ሳቀ። ዳይሬክተሯ ግን አልሳቀችም፤ የምትሄድበትን የምታስብ ትመስል ነበር።

"ወልደሥላሴ" አሉ ጋሽ ገብረሚካኤል ዞር ብለው። "በል እንጂ።"

ወልደሥላሴ ከዴስኩ መሃል ራሱን አውጥቶ ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ።

"ጠንካራ ጎን" አለ። "ሰዓት ያከብራሉ። በዝናቡም ያከብራሉ፣ በጭቃውም ያከብራሉ። የሴቶቹን በር አስገጥመዋል፤ እኛ ወንዶቹ ልናስብበት ይገባን ነበር፣ አላሰብንም። ልጆቻችንን በእውነት አስነብበዋል። እኔ ሽምደዳ ሰምቼ ንባብ ሲመስለኝ የኖርኩ ሰው ነኝ። ልጄ ትናንት አነበበችልኝ። እየተንተባተበች አነበበችልኝ፤ የማታውቀውን ገጽ።"

ጋሽ ገብረሚካኤል አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ኋላ "መሐላህስ?" አሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"መሐላዬን ለነፍስ አባቴ እወስደዋለሁ፣ ጋሼ። የሚሰጡኝን ቀኖና እቀበላለሁ። ልጄ ግን ትማራለች።"

"ደካማ ጎን የለም?" አሉ አቶ ኢያሱ እስክሪብቶአቸውን አንሥተው።

"አለ እንጂ። አንድ ትልቅ አለ።"

ዳይሬክተሯ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው።

"ዘግይተው ነው የመጡት" አለ ወልደሥላሴ። "አብዮት የሚባል ልጅ አለኝ። አንድም ዓመት ሳይደግም በዚህ ትምህርት ቤት ስምንተኛ ደርሷል። ማንበብ አይችልም። ያኔ የሚያወርድልኝ ሰው አጣሁ። እኔም አባት ሆኜ አላየሁም። ጨርሻለሁ።"

ተቀመጠ። ጋሽ ገብረሚካኤል ወለሉን ያያሉ። ከዚያ ከወደ ጥግ አንድ አባት ተነሡና "የኔም እንዲሁ ነው" ብለው ሌላ ሳይጨምሩ ተቀመጡ። አቶ ኢያሱ ትቆይ የሚል እጁን ያውጣ ሲሉ ብዙ እጅ ወጣ። የጋሽ ገብረሚካኤል አልወጣም፤ ትነሣ ሲባልም ግን አልወጣም።

በመጨረሻ ዳይሬክተሯ እንድትናገር ተፈቀደላት። ተነሣች። በግምገማ ወግ የተነገረህን አምነህ ስትቀበል ሂሴን ውጫለሁ ትላለህ፤ ብዙው ሰው ለአፉ ያህል ብሎት ይሄዳል።

"ለቅሶ አለመድረሴን፣ ሽማግሌ አለማማከሬን ውጫለሁ፤ አስተካክላለሁ" አለች። "አቶ ወልደሥላሴ ያሉትንም ውጫለሁ። ሂስ የዋጠ ሰው ደግሞ እርምት ይወስዳል። አብዮትን ሰኞ ከሰዓት በኋላ ላኩልኝ። የእሳቸውንም ልጅ" ብላ ጥግ ወዳሉት አባት አመለከተች። "ልጆቹ ከወጡ በኋላ ነው የምናነበው። ማንም አያያቸውም።"

ወልደሥላሴ ከብርቄ ጋር ቤቱ ደረሰ። አብዮት ደጅ ተቀምጦ ጫማውን ከጭቃ ይጠርግ ነበር። አባቱ የሆነውን ሁሉ፣ የራሱንም ንግግር ሳይደብቅ፣ ቆሞ ነገረው። ልጁ ስሙ በሰው ፊት መጠራቱን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። ጫማውን ወደ ጎን አደረገው።

"ሰኞ ነው ያሉት?" አለ በመጨረሻ።

"ሰኞ። ከፈለግህ ነው፣ ልጄ። አላስገድድህም።"

"ሰኞ ቦንጋ ጭነት ነበረብኝ" አለ አብዮት። "ለጓደኛዬ እተውለታለሁ።"