አራት ዓመት ጨመርንለት

ቡታጅራ ላይ ለሕፃናት ችሎት የተዘጋጀው ክፍል ግድግዳው ዝሆንና ቢራቢሮ ተስሎበታል። ከተመረቀ ዓመት ሞላው፤ እስካሁን የሠራበት ግን ቀለም ቀቢው ብቻ ነው። ሸረፋ ሊገባበት ትንሽ ቀርቶት ነበር።

ሸረፋ ከግሩም ሱቅ ስፒከር ሰርቆ ተያዘ። ስፒከሩ ተመለሰ፤ ሽማግሌ ገብቶ ግሩምም ይቅር አለ። ልጁ አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ እስር ቤት መግባት የለበትም፤ እናቱ ዘንድ ሆኖ ክትትል ይደረግለታል። የፍርድ ቤቱ ማኅበራዊ ሠራተኛ በኃይሉ ይህን ለእናቱ ለባሂራ ሲያስረዳ ፊቱ ሁሉ ጥርስ ሆነ፤ ለክፍሉ የመጀመሪያውን ልጅ አግኝቷላ!

«የልደት ማስረጃ ብቻ አምጪልኝ፣ እናቴ።»

«እሱስ የለውም። መታወቂያ ግን አለው።»

መታወቂያው አሥራ ስምንት ይላል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ባጃጅ እንዲነዳ ብለን… ትንሽ ጨመርንለት።»

«አራት ዓመት ትንሽ ነው?»

«ያልጨመረ ማን አለ ጋሼ? በሰፈራችን ሕፃን የቀረው ጡት የሚጠባው ነው።»

ለቀበሌው ዕድሜውን ከመሰከሩት ሦስት ሰዎች ሁለቱ አዲስ አበባ ገብተው ጠፍተዋል። የቀሩት፣ ግሩምን ያስታረቁት ሐጂ ሰይዶ ናቸው። ባሂራ ደጃቸው ላይ ቁጭ አለች።

«ሐጂ፣ ዋሽቼ ነው ይበሉልኝ።»

«በሰባ ዓመቴ በሐሰት ምስክርነት ልታሳስሪኝ?»

«ልጄን ከነፍሰ ገዳይ ጋር ሊያስተኙት ነው እኮ!»

«አላህ ይርዳው። ያኔ ‹መስክሩልኝ› ስትዪኝም እዚችው ድንጋይ ላይ ነበር የተቀመጥሽው።»

በቀጠሮው ቀን ግን መጡ። ቁርኣን ይዘው ማሉ።

«የዚህ ልጅ ዕድሜ ስንት ነው?» አለች ዳኛዋ።

«ዕድሜን የሚያውቅ አላህ ነው፣ የተከበሩ ዳኛ።»

«መዝገቡ ላይ የፈረሙት ግን እርስዎ ነዎት።»

ሐጂ ሸረፋን አዩት። ባሂራ ከኋላ «ወላሂ አሥራ አራት ነው!» ብላ ጮኸች፤ ዝም አሰኟት።

«እንደ ፈረምኩት ነው» አሉ ሐጂ፣ መሬት መሬት እያዩ።

በኃይሉ ሐኪም ይመርምረው ብሎ ለመነ። ሰነድና ምስክር ከተስማሙ ሐኪም ምን ይጨምራል ተባለ። አንድ ዓመት ከስድስት ወር፣ ከአዋቂዎች ጋር።

ፖሊሱ ካቴና አጠለቀለት። ካቴናው ሾልኮ ወለሉ ላይ ወደቀ። እስከ መጨረሻው ጥርስ አጠበቀው፤ አሁንም ሾለከ።

«አቦ፣ አታድክመኝ» አለው ፖሊሱ። «እንዳይወድቅ አንተው ጨብጠህ ያዘው።»

ሸረፋ የገዛ ካቴናውን ጨብጦ ወጣ።