ባሏን የመለሰው ሰው

እቴናት ለባሏ ሰባት ዓመት ጸልያለች። ይህን ሮብ ገበያ በምትባለው ከተማ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም፤ እሷም አልደበቀችውም። በሥራ ቀን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ ታስተምራለች፤ እሑድ እሑድ ደግሞ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ሰብሳቢ ናት። ጾም አትገድፍም፤ ሰው ሲጣላ ታስታርቃለች፤ የታመመ ሲኖር ጠበል ይዛ ቀድማ የምትደርሰው እሷ ናት። ባሏ አስማማው ግን ወንድሙ በመኪና አደጋ ከሞተበት ጊዜ ጀምሮ የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አልረገጠም። በዚያው ሰሞን የጀመረው አረቄም አብሮት ቀረ።

ያላደረገችው የለም። ከሥራ ሲገባ ጠብቃ በስልኳ ስብከት ትከፍትለታለች፤ ሞቅ ብሎት ከመጣ ድምፁን ትጨምረዋለች። አስቀድሳ ስትመለስ የዕለቱን ወንጌል ከጫፍ እስከ ጫፍ ትነግረዋለች፤ እሱ ጋቢውን ተከናንቦ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። የንስሐ አባታቸውን መምሬ እንዳላማውን ሁለት ጊዜ ሳታማክረው ቤት ጠርታበት፣ ሁለቱንም ጊዜ በጓሮ በር ወጥቶ ሄዷል። ያም ሆኖ ተስፋ አልቆረጠችም። አንድ ቀን እጁን ይዛ ቤተ ክርስቲያን ስታስገባው፣ ሴቶቹ እልል ሲሉላት፣ ብዙ ጊዜ በሐሳቧ አይታዋለች።

አስማማው የሚሠራው ለገበሬ የድንች ዘር በሚያቀርብ አንድ ማኅበር ውስጥ ነው፤ የመጋዘን ኃላፊ ነው። አምና መስከረም ላይ ገዳሙ የሚባል የእርሻ ባለሙያ ወደ ማኅበሩ ተቀጥሮ መጣ። እዚሁ አቅራቢያ ያለችው የቁይ ከተማ ተወላጅ ነው፤ ነገር ግን አርባ ምንጭ ተምሮ እዚያው ስምንት ዓመት ሠርቷል። ቀጭን፣ ንግግር የማያበዛ፣ ጃኬቱን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ የሠላሳ ዓመት ሰው ነው። እማማ ወለተ ሰንበት ከሚባሉ ባልቴት ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየ።

በዘር ወቅት አስማማው ጠጥቶ ባደረበት ማግስት የዘር ጆንያዎችን ወደ መጋዘን ሳያስገባ ውጭ ተዋቸው። ዝናቡና ውርጩ አገኛቸው። የተበላሸውንም አብሮ አከፋፈለ። ከጮቄ ተራራ ግርጌ የምትኖር ዘሪቱ የምትባል ባሏ የሞተባት ገበሬ፣ ማሳዋ ግማሹ ሳይበቅል ሲቀርባት እየተጨነቀች ወደ ማኅበሩ መጣች። አስማማው አተካከል ባለማወቅሽ ነው ብሎ መለሳት። ገዳሙ አጠገቡ ቆሞ ይሰማ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ደህና ዘር አስጭኖ ዳገቱን ወጣና ጥፋቱ የእኛ ነው ብሎ ይቅርታ ጠየቃት። ዶማ ተቀብሎም አብሯት ይተክል ጀመር።

አስማማው ይህን ሲሰማ አጋለጠኝ ብሎ ተናደደ። በሳምንቱ ሊጣላው ወጣ። ደርሶ ሲያየው ገዳሙ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኗል። ማን አጠፋ ብለህ ነገርካት ብሎ ጠየቀው። ዘሪቱ ቀና ብላ እኛ አጠፋን ነው ያለኝ፣ የማንንም ስም አላነሳም አለችው። ገዳሙ ሁለተኛውን ዶማ አነሳና አቀበለው። ሁለቱም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆፈሩ።

ከዚያ ወዲያ አስማማው ቅዳሜን እዚያ ማሳ ላይ ማሳለፍ ልማድ አደረገ። ኩትኮታውን አብሮ ኮተኮተ። አረቄውን መጀመሪያ ቀነሰ፣ በኋላ ተወው። እቴናት ለውጡን አየችና ጸሎቴ ተሰማ ብላ ደስ አላት፤ ለሰንበት ተማሪዎቹም ምስክርነት ሰጠች።

አንድ ሮብ ከትምህርት ቤት ወጥታ ገበያ ሳለች፣ የአስማማው ሚስት መሆኗን ሰው የነገራት ዘሪቱ ሮጣ መጥታ ሳመቻት። ባልሽን እግዚአብሔር ይባርከው፣ ባለፈው እሑድም ከገዳሙ ጋር እኛ ደብር አስቀደሰ፣ ይኸው ሦስተኛ ሳምንቱ ነው አለቻት። እቴናት ተመስገን አለች። ቃሉ ከአፏ ወጣ እንጂ ከሆዷ አልነበረም። የገዛችውን ሽንኩርት እዚያው ረስታ ሄደች።

አስማማው ቤት ሲገባ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ በነጋታው አገሩ ሁሉ ይሰማዋል ብዬ ፈራሁ» አላት።

ምን ብሎ እንደሰበከው፣ የትኛውን ጥቅስ እንደጠቀሰለት ጠየቀችው። አስማማው ጫማውን እያወለቀ መለሰላት።

«ምንም አላለኝም። ዶማ ሰጠኝ።»

ይህ ከሁሉ ይልቅ አንገበገባት። ሰባት ዓመት ያነባችው እሷ፣ የሰገደችው እሷ፣ ሰው ሁሉ አይዞሽ ያላት እሷ፤ ያገኘው ግን ከአርባ ምንጭ ትናንት የመጣ ሰው። ያውም በእሷ ቤተ ክርስቲያን፣ በእሷ ወዳጆች ፊት ሳይሆን ዳገት ላይ ባለ የገጠር ደብር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የገዳሙ ስም በተነሳ ቁጥር ውስጧ ይቃጠል ነበር። ሰዎች ትሕትናውን ሲያመሰግኑ ትሕትናው የታይታ መሰላት። አስማማው በእሱ ቀልድ ሲስቅ ስትሰማ፣ እኔን ሲያይ እንዲህ ስቆ ያውቃል ወይ ብላ ራሷን ትጠይቅ ነበር።

አንድ ቀን ከሰንበት ትምህርት ቤት ሲወጡ እማማ ወለተ ሰንበት ስለ ተከራያቸው ያወሩላት ጀመር። ውኃ ይቀዳልኛል፣ እንደ ልጄ ነው አሉ። እቴናት ድምጿን ዝቅ አደረገች። አርባ ምንጭ ያን ያህል ዓመት የኖረ ሰው ሃይማኖቱ ምን እንደሆነ ማን ያውቃል አለች። እዚህ ሲያስቀድስ አይቼው አላውቅም አለች። ባሌንም ከሰው ዓይን አርቆ ወዳላወቅሁት ቦታ ይዞት ይሄዳል አለች። የት እንደሚወስደው ግን ታውቅ ነበር። ባልቴቷ ደነገጡ። ሳምንት ሳይሞላ ገዳሙን ቤቴን ልቀቅልኝ አሉት፤ ወሬውም ከእሳቸው አልፎ ከተማው ውስጥ ገባ። ሰላምታ የሚነፍጉት ሰዎች በዙ።

እቴናት ያልጠበቀችው ነገር ቀጥሎ መጣ። አስማማው ጋሪ ተከራይቶ የገዳሙን ፍራሽና ሁለት ካርቶን መጽሐፍ ጭኖ ግቢያቸው ገባ። ቤት እስኪያገኝ ጓሮ ያለችው ክፍል ውስጥ ይቀመጥ አላት። እምቢ የምትልበት ምክንያት አልነበራትም።

ገዳሙ ሦስት ሳምንት ኖረ። በልቶ ሳህኑን ራሱ ያጥባል። ማለዳ ለኪዳን ሲወጣ በሩ እንዳይጮኽ ቀስ አድርጎ ይዘጋል። እቴናት እንከን ትፈልግበት ነበር፤ ባጣች ቁጥር ይብስባት ነበር። አስማማው ማታ ማታ ራት ላይ ስለ ዘርና ስለ ዝናብ ከእሱ ጋር ሲጫወት፣ በገዛ ማዕዷ እንግዳ የሆነች ይመስላት ነበር።

ገዳሙ ሌላ ክፍል ባገኘበት ቅዳሜ ጧት፣ አስማማው ጋሪ ሊጠራ ወጥቶ ሳለ፣ ግቢው ውስጥ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። እሱ መጽሐፎቹን በገመድ ያስር ነበር። እቴናት መቻል አቃታት።

«እማማ ወለተ ሰንበት ለምን እንዳስወጡህ ነግረውሃል?»

«ነግረውኛል።»

«ማን እንዳለም?»

«አዎ፣ እትዬ። ማን እንዳለም ነግረውኛል።»

በዚያ ሁሉ ጊዜ እያወቀ ነው ማዕዷን የበላው።

«ለአስማማው ለምን አልነገርከውም?»

ገዳሙ ገመዱን ቋጥሮ ቀና አለ። «እሱ ገና ቤቱን መውደድ መጀመሩ ነው። እርስዎ ሰባት ዓመት እንዳለቀሱለት እሱው ራሱ አጫውቶኛል። ያን ያህል የጠበቁትን ነገር በሌላ ሰው እጅ ሲያዩት ይከፋል። እኔም ብሆን ይከፋኝ ነበር።»

ጋሪው መጣ፤ ጭነው ሄዱ። እቴናት በመጀመሪያ የተሰማት ጸጸት አልነበረም፤ ንዴት ነበር። ይቅር ማለቱንም ቀደመኝ አለች በልቧ። እሷ ይቅርታ ሳትጠይቅ እሱ ጨርሶታል። ሁለት ቀን ሙሉ ከዚህ ንዴት ጋር ታገለች። በሦስተኛው ቀን፣ ክፍል ውስጥ ልጆቹን ስታስተምር፣ አንድ ጥያቄ መጣባት፦ አስማማው እኔን እያየ ሰባት ዓመት ከቤተ ክርስቲያን ከራቀ፣ ሲያይ የኖረው ምን ነበር? የያዘችውን ጠመኔ አስቀምጣ ተማሪዎቹን ድምፅ አውጥተው እንዲያነቡ አዘዘቻቸውና ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዞረች።

መምሬ እንዳላማው ጋ ሄዳ ሁሉንም ተናገረች። መምሬ ብዙ አልገሠጿትም። የምትሰግጂውን ስግደት እሰጥሻለሁ፣ ቃሉን ግን በተናገርሽበት ቦታ መልሺው አሏት።

መጀመሪያ ለባሏ ነገረችው። አስማማው እስከ መጨረሻው ሰማት። ከዚያ ጋቢውን አንሥቶ ወጣ። ወደ አረቄ ቤት የሄደ መስሏት ከሰዓቱን ሙሉ መንገድ መንገዱን ስታይ ዋለች። አመሻሽ ላይ ሲመለስ አረቄ አይሸትም ነበር። ገብቶም ገዳሙ በለቀቃት የጓሮ ክፍል ተኛ።

እሑድ ቅዳሴ ካለቀ በኋላ እቴናት በሰንበት ተማሪዎቹ ፊት ቆመች። አርባ ያህል ሰው ነበር፤ እማማ ወለተ ሰንበትም ከፊት ተቀምጠዋል።

«ስለ ገዳሙ የተወራው ከእኔ አፍ የወጣ ነው» አለች። «እውነት እንዳልሆነ እያወቅሁ ነው ያልኩት። የተናገርኩት ለሃይማኖት ቀንቼ አይደለም፤ በእሱ ቀንቼ ነው።»

ሰብሳቢነቱን ለምክትሏ አስረክባ ወደ ኋላ ሄዳ ተቀመጠች። አንዲት ልጅ መዝሙር አነሳች፤ ሌሎቹ ተቀበሏት። እማማ ወለተ ሰንበት በዚያው ቀን ገዳሙ አዲስ ቤት ድረስ ሄደው ይቅርታ ጠየቁት፤ ተመለስልኝም አሉት። እሱ አመስግኖ ባለበት ቀረ፤ ውኃ መቅዳቱን ግን አልተወም።

አስማማው ስምንት ቀን በጓሮዋ ክፍል አደረ። ሰላም ዋልሽ ይላል፣ ሰላም አደርሽ ይላል፣ ሌላ የለም። እቴናት ስብከት አልከፈተችም፤ አልለመነችም። ራቱን አቅርባ እስኪጨርስ አብራው ትቀመጥ ነበር። በቀጣዩ እሑድ ንጋት ላይ ነጠላውን አጣፍቶ በሯ ላይ ቆመ።

«ወደ ላይ መሄዴ ነው» አላት። «ዳገቱን ከቻልሽው ነይ።»

ሄደች። ገዳሙ መንገድ ላይ ጠበቃቸው። ዳገቱ ረጅም ነው፤ ጭጋጉ ገና አልተገለጠም ነበር። ደብሩ ደጃፍ ሲደርሱ የገጠሩ ሴቶች ከበው የሳሙት ገዳሙን ነው፤ እሷን ከዘሪቱ በቀር ማንም አላወቃትም። የለመደችው ቅናት እንደገና ልቧን ወጋት። ጠፍቶልኛል ብላ ነበር፤ አልጠፋም። ቅጥሩ ጥግ ቆማ እንዲህ አይነት ሴት ነኝ፣ እንደዚሁ ተቀበለኝ ብላ ለአምላኳ ነገረችው።

አስማማው ወደ ወንዶቹ በር ሊሄድ ጀምሮ ዞር ብሎ አያት። የጭንቅላቷን ነጠላ ነፋሱ ገፎት ነበር። ተመልሶ መጣና አስተካክሎላት ሄደ።