የጋሽ ደርዊሽ ልጅ የምን ዶክተር ናት?

የኡምሀኒ አባት ጋሽ ደርዊሽ ከወሎ መጥተው ቃሊቲ የከተሙ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከባድ መኪና የነዱ ሰው ናቸው። የጣርማበርን ቁልቁለት ፍሬን አልይዝ ባለ ተሳቢ ወርደው፣ ታች ሲደርሱ ምንም እንዳልተፈጠረ ሻይ ያዘዙ ደፋር ናቸው። «እባብ» የሚለውን ቃል ግን ከአፋቸው አያወጡም፤ «ያ ነገር» ነው የሚሉት። ታዲያ የበኩር ልጃቸው ያን ነገር አጥኚ ሆና አረፈችው።

ነገሩ የጀመረው ኡምሀኒ ስድስተኛ ክፍል ሳለች ነው። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አጥር ሥር አንድ እባብ ገደለ። ሌሎቹ ልጆች እየጮኹ ሲበታተኑ፣ እሷ ተመልሳ የእባቡ ሆድ ለምን እንዳበጠ በእንጨት ፈልቅቃ አየች። አይጥ ነበር። በማግስቱ መምህሯን «ከእንግዲህ አይጦቹን ማን ይበላቸዋል?» ብትላቸው «ቁጭ በይ!» አሏት።

መልሱን ፍለጋ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ሄደች። ጋምቤላ ዘንዶ ስትመዝን ከርማ ወባ ይዛ ተመለሰች፤ ባሌ ጫካ ውስጥ የረገፈ ቅጠል ስትገላልጥ ክረምት አለፈ። ዶክትሬቷን ይዛ ማስተማር ስትጀምር ተማሪዎቿ «ዶክተር እባቧ» የሚል ስም አወጡላት። ስትሰማ ሳቀች።

ጋሽ ደርዊሽ ግን ከስሙ «ዶክተር» የሚለውን ብቻ ወሰዱ። ከመስጊድ ሲወጡ «የምን ዶክተር ናት?» ያላቸውን ሁሉ «የውስጥ ደዌ» ይሉታል። በዚህ የተነሳ ኡምሀኒ አባቷን ልትጠይቅ በመጣች ቁጥር ሳሎኑ ጉልበቱን በታመመ ሰው ይሞላል። እሷም አባቷን ላለማሳፈር «ጨው ቀንሱ፣ ጤና ጣቢያ ሂዱ» ብላ ትሸኛቸዋለች። «አቤት ትሕትና! መርፌ እንኳ አታበዛም» እያሉ መርቀዋት ይሄዳሉ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የጋሽ ደርዊሽ ስልክ ጮኸ። የደወሉት የጥንት ወዳጃቸው፣ የባቡር ጡረተኛው ጋሽ በዛብህ ነበሩ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ደርሷቸው ከባለቤታቸው ጋር እዚያ ይኖራሉ።

«ደርዊሽ! ብዙወርቅ ወድቃ አንደበቷ ተሳስሯል፤ ዶክተሯን ይዘህልኝ ድረስ!»

ጋሽ ደርዊሽ ልጃቸውን አዩዋት። «በይ ተነሺ።»

«አባ፣ እኔ ምን አደርግላቸዋለሁ? ሐኪም ቤት ይውሰዷቸው እንጂ።»

«እንሂድና እኛ እንወስዳቸዋለን። ብቻ ያን ማዳመጫ አንገትሽ ላይ ጣል አድርጊው።»

«የለኝም እኮ!»

ባጃጅ ኮንትራት ይዘው ሲደርሱ ግቢው በሰው ተሞልቷል። ወይዘሮ ብዙወርቅ ደጅ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው ውኃ ይረጭባቸዋል። ኡምሀኒ እጃቸውን ያዝ አድርጋ «እትዬ፣ ምን ሆኑብኝ?» አለቻቸው። በጣታቸው ወደ ወጥ ቤቱ ጠቁመው፣ እንደ ምንም «እባብ!» የምትል ቃል አወጡ።

ኡምሀኒ ፊቷ በራ። «አባ፣» አለች ወደ አባቷ ዞራ፣ «በሽተኛዬን አገኘሁት።»

የሠፈሩ ጎረምሶች ዱላና ናፍጣ ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። «ዶክተር፣ ሲሊንደሩ ኋላ ነው የገባው። እናንድደው!» አላት አንዱ።

«ከጋዝ ሲሊንደር አጠገብ? ከእባቡስ እናንተ ትብሳላችሁ!» ብላ አባረረቻቸው። የመጥረጊያ እንጨትና ለከረጢት የሚሆን የትራስ ልብስ አስመጥታ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ በሆዷ ተኛችና በስልኳ መብራት አየችው። ቀጭን፣ ቡናማ፣ ጀርባው ላይ መስመር ያለው፤ ገና ስታየው አወቀችው። «አይጥ አዳኝ ነው። ሰው የሚጎዳ መርዝ የለውም። የከረጢቱን አፍ የሚይዝልኝ አንድ ሰው ብቻ ኑልኝ!»

ማንም ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ ጋሽ ደርዊሽ «ቢስሚላህ» ብለው ገቡና የትራስ ልብሱን በሁለት እጃቸው ዘረጉ።

«አባ፣ ዓይንህን ግለጥ። ግድግዳውን እኮ ነው የምትይዘው።»

ገለጡ። እባቡ እንጨቱን ታክኮ፣ እየተሳበ፣ በእጆቻቸው መሀል አልፎ ከረጢቱ ውስጥ ተጠቀለለ። ላባቸው ጠብ ጠብ ይላል፤ እጃቸው ግን አልለቀቀም።

ውጭ ሲወጡ ጋሽ በዛብህ ወገባቸውን ይዘው ጠበቋቸው። «ደርዊሽ፣ የውስጥ ደዌ አላልከኝም ነበር?»

«ታዲያ ከቤትህ ውስጥ አላወጣችልህም?» ሰዉ በሳቅ ፈረሰ፤ ወይዘሮ ብዙወርቅ ሳይቀሩ ሳቁ።

እባቡን ከሰው በራቀ ወንዝ ዳር ለመልቀቅ በዚያው ባጃጅ ተሳፈሩ። ጋሽ ደርዊሽ ኡምሀኒ ጭን ላይ ያለውን ከረጢት እያዩ፣

«ባንቺ ያፈርኩ መስሎሽ ነበር አይደል?» አሏት። «ፈርቼ ነው። ጋምቤላ በሄድሽ ቁጥር እንቅልፍ አልነበረኝም። ለሰው ብነግር ደግሞ ‹ልጅህን አንድ ቀን ይበላታል› ይሉኛል። ያንን መስማት አልፈለግሁም።»

ኡምሀኒ እጇን እጃቸው ላይ አደረገች።

«ይሄኛው ሴት ነው ወንድ?» አሉ ድንገት።

«ሴት ትመስለኛለች።»

«በምን ታውቂያለሽ?»

በዚህ ጥያቄ የጀመረው ወሬ ወደ ጅራቷ፣ ወደ እንቁላሏ፣ ቆዳዋን ወደምትጥልበት ጊዜ ተሻገረ። ባጃጅ ነጂውም «እኔ የምለው ዶክተር፣ ጆሮ አላቸው እንዴ?» ብሎ ገባበት፤ መልሷን ሲያዳምጥም መታጠፊያውን አልፎ ሄደ።